የ5ኛ ክፍል ልጅ በካቶሊክ ት/ቤት ምን ይማራል? ለገበሬ ማኅበሩስ ምን ይረዳል?

በገጠር የካቶሊክ ሚስዮን ት/ቤት ባለበት አካባቢ ሁሉ ሁለት ወሬዎች አብረው ይኖራሉ። አንደኛው፣ እዚያ የገባ ልጅ ሃይማኖቱን ለውጦ ይወጣል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ እዚያ የተማረ ልጅ እንግሊዝኛ ለመናገር እንጂ ዶማ ለመጨበጥ አይሆንም የሚል ነው። ሁለቱንም የሚያስወሩት ብዙውን ጊዜ የክፍሉን በር አልፈው ገብተው ያላዩ ሰዎች ናቸው። በብዙ ቦታ ዛሬም በቀድሞ ስሙ ገበሬ ማኅበር እየተባለ የሚጠራውን የገጠር ቀበሌ የምትመሩ ሰዎች ግን በወሬ ልትወስኑ አትችሉም። ለት/ቤት አትክልት ቦታ መሬት ሲጠየቅ፣ ከትምህርት ገበታ የቀሩ ልጆች ስም ዝርዝር ሲመጣ፣ ወላጆች ልጃችንን ወዴት እንላክ ብለው ሲያማክሩ፣ ጥያቄው የሚወድቀው በእናንተ ላይ ነው። ስለሆነም ለዛሬ ከት/ቤቱ ውስጥ አንድ ክፍል ብቻ፣ 5ኛ ክፍልን ለይተን ምን እንደሚማሩበትና ትምህርቱ ከእርሻችን ጋር የት ላይ እንደሚገናኝ እናያለን።

5ኛ ክፍል የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በ7 ዓመቱ ትምህርት የጀመረ ልጅ በወጉ ከዘለቀ 5ኛ ክፍል ሲደርስ 11 ዓመት ይሆነዋል። ወንዱ ከጥጃና ከበግ ጠባቂነት ወደ በሬ ጠባቂነት የሚሸጋገርበት፣ ሴቷ ደግሞ ውኃ ለመሸከም ጀርባዋ ጠና የሚባልበት ዕድሜ ነው። ቤት ውስጥ ጉልበታቸው በብርቱ የሚፈለገውና ክፍል ውስጥ ትምህርቱ የሚከብደው በአንድ ጊዜ ነው። እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ ሥራው በአብዛኛው ፊደል መለየት፣ ማንበብ፣ መደመርና መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል ነበር። በ5ኛ ክፍል ግን ክፍልፋይ፣ አስርዮሽ፣ መቶኛ፣ ስፋትና ይዘት እየተከታተሉ ይመጣሉ። በአዲሱ የትምህርት መዋቅር 6ኛ ክፍል የአንደኛ ደረጃ መደምደሚያ በመሆኑ ለክልሉ ፈተና የቀረው ጊዜም አጭር ነው። እዚህ ላይ ያቋረጠ ልጅ ተመልሶ ሲመጣ የምናየው ጥቂቱን ነው።

መጽሐፉ አንድ ነው

በመጀመሪያ ስለ ሃይማኖቱ ጉዳይ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ መሠረት የካቶሊክ ት/ቤትም ሆነ የሌላ ሃይማኖት ድርጅት ያቋቋመው መደበኛ ት/ቤት የሚያስተምረው በትምህርት ሚኒስቴርና በክልሉ ትምህርት ቢሮ የወጣውን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው አዲስ ሥርዓተ ትምህርት የ5ኛ ክፍል ተማሪ የሚማራቸው የትምህርት ዓይነቶች የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አካባቢ ሳይንስ፣ ግብረገብ፣ ክወናና እይታ ጥበባት እንዲሁም ጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ናቸው። በመንግሥት ት/ቤት ያለው የ5ኛ ክፍል ልጅም የሚማረው እነዚህኑ ነው።

ግብረገብ የሚለው ስም አንዳንድ ወላጆችን ያሳስታቸዋል። ይህ ትምህርት ስለ ታማኝነት፣ ስለ ሥራ ወዳድነት፣ ሌላውን ስለ ማክበርና ተቻችሎ ስለ መኖር የሚያስተምር እንጂ የአንድን ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ሃይማኖት የሚሰብክ አይደለም። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ የሚሰጠው ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ውጭ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ ለምእመናኑ ልጆች ነው። በሌላ አገር ነገሩ እንዲህ አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ የክርስትና ሃይማኖት ትምህርት በመንግሥት ት/ቤት ጭምር ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው። በአሜሪካም የካቶሊክ ት/ቤቶች ሃይማኖትን እንደ ሒሳብና እንደ ታሪክ በክፍል ያስተምራሉ፤ በ5ኛ ክፍል ስለ ሰባቱ ምሥጢራት በስፋት የሚያስተምሩ ብዙ ናቸው። ምናልባት በኛ አካባቢ የሚወራው ወሬ ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች ከሚናገሩት የተቀዳ ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን መጠራጠር የለባችሁም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የክፍለ ጊዜ ድልድል አንብቡ፣ ወይም ማንበብ የሚችል ልጅ ያንብብላችሁ። ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ሰፍሯል።

የካቶሊክ ት/ቤት በገጠራችን የትናንት እንግዳ አይደለም። አቡነ ያዕቆብ በመባል የሚታወቁት ጣሊያናዊው ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ዓድዋ የገቡት በ1839 እ.ኤ.አ. ሲሆን በአጋሜ ጓላ ላይ ተማሪዎችን ሰብስበው አስተምረዋል። ዛሬ ከዓዲግራት እስከ እምድብር፣ ከመቂ እስከ ወላይታ ዱቦ ድረስ እንዲህ ያሉ ት/ቤቶች ይገኛሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ የካቶሊክ፣ የኦርቶዶክስ፣ የፕሮቴስታንትና የሙስሊም ልጅ በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይማራል።

መጽሐፉ አንድ ከሆነ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? በኔ ግምት ልዩነቱ ከመጽሐፉ ይልቅ በክትትሉ ላይ ነው። መምህር በሰዓቱ መግባቱ፣ ደብተር መታረሙ፣ የቀረ ልጅ ለምን ቀረህ ተብሎ መጠየቁ ነው። ይህ ደግሞ የሃይማኖት ጉዳይ አይደለም። ጠንካራ የወላጅና መምህር ኅብረት ባለበት የመንግሥት ት/ቤትም ይሠራል፤ ሲሠራም አይተናል።

አንድ ገመድ፣ ብዙ ማሳ

ይህ ዘጋቢ በምዕራብ ጉራጌ በሚገኝ አንድ የገጠር ካቶሊክ ት/ቤት የ5ኛ ክፍል የሒሳብ ትምህርት ሲሰጥ ተገኝቶ ነበር። መምህርቷ ተማሪዎቹን ወደ ሜዳ አስወጥታ፣ 40 ሜትር የሆነ ገመድ ጫፍና ጫፉን አስራ አራት ልጆችን በአራቱ ማዕዘን አቆመች። መጀመሪያ እያንዳንዱ ጎን 10 ሜትር እንዲሆን አደረገች። ልጆቹ 10 ጊዜ 10 ብለው 100 ካሬ ሜትር ደብተራቸው ላይ ጻፉ። ቀጥላ ያንኑ ገመድ ሳትፈታ ልጆቹን አጠጋግታና አራርቃ ርዝመቱን 15፣ ወርዱን 5 ሜትር አደረገችው። 75 ካሬ ሜትር ሆነ። በመጨረሻም 18 በ2 ሲሆን 36 ካሬ ሜትር ብቻ ቀረ። ገመዱ አንድ ክንድ እንኳ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በውስጡ ያለው መሬት ግን ከሲሶው እምብዛም የማይበልጥ ሆነ። ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ መምህርቷ ገመዱን ቆርጣ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ ቋጠሮውን ሄዶ ሲዳስስ ታየ።

ይህን ትምህርት የልጆች ጨዋታ ነው ብሎ የሚያልፍ የገበሬ ማኅበር መሪ ካለ በመሬት ክርክር ሸንጎ ላይ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። ሁለት ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ሲካፈሉ ሽማግሌዎች ዙሪያውን በእርምጃ ወይም በገመድ ለክተው፣ የሁለታችሁም ዙሪያ 200 ሜትር ነውና እኩል ደረሳችሁ ቢሏቸው ምን ይሆናል? የአንደኛው ማሳ 50 በ50 ቢሆን 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ይሆናል። ብዙ ቦታ ጥማድ የምንለው መጠን መሆኑ ነው። የሁለተኛው ማሳ 80 በ20 ቢሆን ግን 1,600 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ዙሪያው እኩል ሆኖ 900 ካሬ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ረዥምና ቀጭን የደረሰው ወንድም በየዓመቱ ምርቱ ሲያንስ መሬቴ ሰነፍ ነው ይላል፣ አለዚያም ወንድሙን በድንበር ገፊነት ይጠረጥራል። ሽማግሌዎቹ አልዋሹም። ዙሪያንና ስፋትን አልለዩም እንጂ።

በ1990 ዓ.ም. በትግራይ ተጀምሮ በኋላ ወደ አማራ፣ ወደ ኦሮሚያና ወደ ቀድሞው የደቡብ ክልል የተስፋፋው የመጀመሪያ ደረጃ የገጠር መሬት ምዝገባ በብዙ ቦታ የተከናወነው በገመድና በዓይን ግምት ነበር። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ማሳው በካርታ እየተነሣ ስለሚመዘገብ፣ ቀድሞ በደብተር ላይ የሰፈረውና አሁን በካርታ የሚወጣው ቁጥር ላይስማማ ይችላል። በዚህ ጊዜ የመሬት አስተዳደር ኮሚቴው ለአርሶ አደሩ ምክንያቱን ማስረዳት ይኖርበታል። በ40 ሜትር ገመድ ከማስረዳት የተሻለ መንገድ እኛ የግብርና ሠራተኞችም አላገኘንም። ጠማማ ቅርጽ ያለው ማሳ በአራት ማዕዘንና በሦስት ማዕዘን ተከፋፍሎ ነው የሚለካው፤ ያ ግን ከፍ ባሉት ክፍሎች የሚብራራ ነው።

ከከረጢቱ ላይ ያለው ቁጥር

መቶኛ ሌላው የ5ኛ ክፍል ትምህርት ነው። ልጁ በመጽሐፉ ላይ የሚያገኘው ምሳሌ ስለ ብርቱካንና ስለ ደብተር ቢሆንም፣ እኛ ቤት ውስጥ ያለው ምሳሌ የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ዩሪያ ከሆነ ከ100 እጅ 46ቱ ናይትሮጂን ነው። ስለዚህ ከ50 ኪሎው ከረጢት ውስጥ ለሰብሉ የሚሆን ናይትሮጂን 23 ኪሎ ነው። ከረጢቱ ላይ 18-46-0 የሚል ካለ ዳፕ ነው፤ በ50 ኪሎ ውስጥ 9 ኪሎ ናይትሮጂንና በማዳበሪያ አቆጣጠር 23 ኪሎ ፎስፌት ይዟል። ኤን.ፒ.ኤስ. የሚባለው ደግሞ 19 በመቶ ናይትሮጂን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ አለው። ልጁ ሲያሰላው 9 ኪሎ ተኩል፣ 19 ኪሎና 3 ኪሎ ተኩል ያገኛል። ዳፕ ቀርቶ ኤን.ፒ.ኤስ. ሲመጣ፣ ቆይቶም እንደገና ዳፕ ሲቀርብ፣ ማዳበሪያው ተለወጠብን፣ ሐሰተኛ ነው የሚል ቅሬታ በየቦታው ሲሰማ ቁጥሩን አንብቦ የሚያስረዳ ሰው ጠፍቶ ነበር።

ከስፋቱ ትምህርት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጥቅሙ ይጎላል። ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የቆየው ጥቅል ምክር ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ዩሪያ የሚል ነበር። በዚህ ሒሳብ ለሩብ ሄክታር 25 ኪሎ ይበቃል። ከላይ የጠቀስነው 80 በ20 የሆነው ማሳ ባለቤት ማሳዬ ሩብ ሄክታር ነው ብሎ 25 ኪሎ ከገዛ ግን የሚገባው 16 ኪሎ ስለነበር 9 ኪሎው ከልክ በላይ ነው። ማዳበሪያ በውድ ዋጋ በሚገዛበት ጊዜ 9 ኪሎ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራችን የዓመት ሒሳብም እንዲሁ ነው። እንበል፣ ማኅበሩ 48,000 ብር አትርፎ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ይቀመጥ ተባለ። 14,400 ብር ተቀምጦ 33,600 ይቀራል። በ120 አባላት እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 280 ብር ይደርሳል። በተግባር ክፍፍሉ በዕጣ ድርሻና ከማኅበሩ ጋር በተደረገ ግብይት መጠን የሚሠራ በመሆኑ ከዚህ የጠለቀ ሒሳብ ይጠይቃል፤ መነሻው ግን ይኸው ነው። ከእናንተ መካከል በዕድሜ የገፉት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠሩ ይኖራሉ። የዘመቻው ትምህርት ማንበብና መጻፍን አስገኘልን። በመቶኛ የሚቀርብ ሪፖርት ሲነበብ ግን ዛሬም በጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንገት ደፍቶ ማጨብጨብ የተለመደ ነው። ልጅ ቤት ውስጥ ወረቀቱን አይቶ ለአባቱ ወይም ለእናቱ ቢያሰላላቸው ጥያቄ የሚጠይቅ አባል ይበዛል። ይህ ለማይወድ ሊቀ መንበር መልካም ዜና እንዳልሆነ ይገባናል።

የማይታየው ጀርም

ስለ አካባቢ ሳይንስ ስናወራ፣ ዕድሜያቸው የሚያስታውሳቸው ወላጆች በደርግ ጊዜ በአንደኛ ደረጃ እርሻ፣ የእጅ ሥራና የቤት አያያዝ የሚባሉ ትምህርቶች እንደነበሩ ይነግሩናል። ዛሬ በ5ኛ ክፍል እርሻ የሚባል የተለየ ትምህርት የለም። ስለ አፈር፣ ስለ ውኃ፣ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት፣ ስለ ሰው አካልና ጤና የሚሰጠው ትምህርት በአካባቢ ሳይንስ ውስጥ ተጠቃሏል። የእርሻ ትምህርት ራሱን ችሎ ባለመኖሩ የቀረብን ነገር አለ ብሎ ይህ ዘጋቢ ያምናል። ነገር ግን አካባቢ ሳይንሱን ወደ ጓሮ የሚያወጣው መምህር ካለ ጉድለቱ ግማሽ በግማሽ ይሞላል።

በእንሰት አካባቢ ያለውን ብቻ እንውሰድ። ልጁ በሽታ የሚመጣው በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን እንደሆነ፣ እጁን በሳሙና መታጠብ ያለበትም ለዚህ እንደሆነ ይማራል። የእንሰት አጠውልግ በሽታም የሚመጣው በባክቴሪያ ነው። በአገራችን በእንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ ጽሑፍ የተገለጸው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ መሳይ ፈሳሽ ያወጣል። ከተክል ወደ ተክል በብዛት የሚያስተላልፈው እኛው የምንይዘው ቢላዋ ነው። የታመመውን በቆረጥንበት ስለት ጤነኛውን ስንነካ፣ ከጎረቤት የተዋስነውን ሳናጸዳ ስንጠቀም፣ ከብቱ የታመመውን በልቶ ወደ ጤነኛው ሲገባ በሽታው ይዛመታል። መድኃኒት አልተገኘለትም። የሚደረገው የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ስለቱን በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት፣ ጤነኛ ችግኝ መትከል ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ስለሚፈጅ አንድ የሞተ ተክል የዓመታት ድካም ነው።

ይህን እኛ በስብሰባ ስንናገር ብዙ አርሶ አደሮች በአክብሮት ይሰሙናል፣ ከዚያም ቢላዋውን ሳያጸዱ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የማይታይ ነገር ይገድላል ማለት ለአዋቂ ሰው ይከብዳል። ለ5ኛ ክፍል ልጅ ግን ገና ትናንት የተማረው ነው። እንሰት የሚፋቅ ዕለት እናቷ አጠገብ የምትቀመጥ ልጅ ቢላዋውን በእሳት ለብልባ ካመጣችላት፣ ከአንድ ሰዓት ንግግራችን የበለጠ ሥራ ሠራች።

ስለ ውኃም አንድ ነገር እንበል። ይዘት መለካት የተማረ ልጅ፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውኃ መሆኑን በቀላሉ ይረዳል። የቆርቆሮ ጣራው ከላይ ሲታይ 10 በ5 የሆነ ቤት 50 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,000 ሊትር ውኃ ከጣራው ይወርዳል። በ20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን መሆኑ ነው። አንድ አምስተኛው ቢንጠባጠብና ቢባክን እንኳ 40 ጀሪካን ይቀራል። ይህን ውኃ አሽንዳ ሠርቶ በርሜል ውስጥ የያዘ ቤት፣ ልጁ ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ ከምታረፍድበት ክፍለ ጊዜ ጥቂቱን ይታደግላታል። የሥዕልና የዘፈን ትምህርቱን፣ ስፖርቱንም እንለፈው፤ ልጆቹ ይወዱታል፣ ይበቃል።

የቋንቋው ግድግዳ

በ5ኛ ክፍል ላይ ከሚገጥሙት ችግሮች ሁሉ በጣም የተረሳው ቋንቋ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ። አፈጻጸሙ ግን በየክልሉ ተለያየ። በኦሮሚያና በትግራይ እስከ 8ኛ ክፍል በአካባቢው ቋንቋ ሲሰጥ፣ በአማራና በአዲስ አበባ ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። በቀድሞው የደቡብ ክልል በብዙ ቦታ ደግሞ ለረዥም ዓመታት ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ነበር። በወላይትኛ ወይም በሌላ የቤቱ ቋንቋ 4 ዓመት የተማረ ልጅ ክረምቱን አርፎ ሲመለስ፣ ክፍልፋዩም፣ አፈሩም፣ ጀርሙም በማያውቀው ቋንቋ ጠበቀው።

ወላጆች የካቶሊክ ት/ቤትን የሚያደንቁት ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛው ነው። ልጁ ለእንግዳ በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሲሰጥ ደስ ይላቸዋል። እንግሊዝኛ ማወቁ መልካም ነው፤ ከፍ ባሉት ክፍሎች ያለ እርሱ መሄድ አይቻልም። ነገር ግን ት/ቤትን በእንግሊዝኛ ብቻ መመዘን ስሕተት ነው እንላለን። ልጁ በእንግሊዝኛ ሸምድዶ የተናገረውን በቤቱ ቋንቋ ለእናቱ ማስረዳት ካልቻለ ገና አልተማረውም። ማንበብ የማይችል አባትም ቢሆን የልጁን ትምህርት የሚመረምርበት መንገድ አለው። ማታ ምድጃ ዳር ተቀምጦ፣ በል ዛሬ የተማርከውን በኛ ቋንቋ ንገረኝ ይበለው። ልጁ ከተንተባተበ በማግሥቱ መምህሩን ይጠይቅ። ለዚህ ገንዘብ አይከፈልም።

የሚቀሩበት ቀን ይታወቃል

ተማሪዎች ከ5ኛ ክፍል የሚጠፉት በድንገት አይደለም። መጀመሪያ አንድ ቀን፣ ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በመጨረሻም ጨርሶ ይቀራሉ። የሚቀሩበት ቀን ደግሞ ይታወቃል። የገበያ ቀን ነው፣ የአረም ሳምንት ነው፣ በእንሰት አገር ሴቶች የሚተባበሩበት የፍቂያ ቀን ነው። በጉራጌ አገር ደግሞ የትምህርት ዘመኑ በመስከረም ቢከፈትም ለመስቀል ቤቱ ሁሉ ስለሚዘጋጅ፣ ከከተማም ዘመድ ስለሚገባ ብዙ ልጅ በቁም ነገር ደብተር የሚይዘው ከበዓሉ በኋላ ነው። ያለፈው ዓመት የማባዛት ትምህርት የሚከለሰው በእነዚያው ሳምንታት በመሆኑ፣ ጥቅምት ላይ ክፍልፋይ ሲጀመር ልጁ ከኋላ ነው። በበዓሉ ማግሥት ደግሞ አንዳንዱ ወንድ ልጅ ከዘመዱ ጋር ወደ ከተማ ለሊስትሮ ወይም ለሱቅ ሥራ ይሄዳል። መስቀልን ማንም አይነካም፣ አንነካምም። ሆኖም ከበዓሉ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰኞ የቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አባል ከመምህሩ ጋር ሆኖ የ5ኛ ክፍልን ስም መጥሪያ ቢያይ፣ ማን እንደሄደ ያኔውኑ ይታወቃል። በገና መጠየቅ ዘግይቷል።

የሴቶቹ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። በ11 እና በ12 ዓመታቸው አካላቸው መለወጥ ይጀምራል። በሩ የሚዘጋና ውኃ ያለው የልጃገረዶች መጸዳጃ ቤት የሌለው ት/ቤት በየወሩ ጥቂት ቀናት እያስቀራቸው ነው። ይህን ጉዳይ በስብሰባ ማንሣት የሚያሳፍራቸው መሪዎች አሉ። ከተቸገራችሁ የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበሯን አስቀድሙና እሷ ታንሣው። ጋብቻንም በሚመለከት ሕጉ 18 ዓመት ይላል። ታጨች የተባለች የ5ኛ ክፍል ተማሪ ወሬ ወደ ማኅበሩ ጽ/ቤት ከደረሰ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

ከት/ቤቱ ጋር ሥራ ለመጀመር የፈለገ ገበሬ ማኅበር ደብዳቤም ሆነ በጀት አያስፈልገውም። የበቆሎ ዘር ወደ ኅብረት ሥራው መጋዘን ሲገባ፣ ከመታደሉ በፊት፣ ከአንዱ ከረጢት ላይ 100 ፍሬ ቆጥራችሁ ለ5ኛ ክፍሉ መምህር ላኩ። ልጆቹ ፍሬውን በረጠበ ጨርቅ ላይ ደርድረው ይጠቀልሉታል፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ በየቀኑ ውኃ ያርከፈክፉለታል፤ በ7ኛው ቀን የበቀለውን ይቆጥራሉ። ከ100 የበቀለው 70 ከሆነ፣ መቶኛው ያለ ተጨማሪ ሒሳብ 70 ነው። ቀጥለው እንዲህ ብለው ያሰሉ፦ በመሥመርና በመሥመር መካከል 75፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተይዞ ሲዘራ በአንድ ሄክታር 44,444 ጉድጓድ፣ በሩብ ሄክታር 11,111 ጉድጓድ ይገኛል። በየጉድጓዱ አንድ ፍሬ ቢገባና ከመቶው 30ው ባይበቅል፣ በሩብ ሄክታሯ ላይ ወደ 3,333 ጉድጓድ ባዶ ይቀራል። ውጤቱን በወረቀት ጽፈው፣ መምህሩ ፈርሞበት፣ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጡ። ዘሩ ደካማ ሆኖ ከተገኘ ከቀሩት ከረጢቶችም በተመሳሳይ መንገድ አስቆጥሩና ወረቀቱን ይዛችሁ፣ ዘሩ ገና ሳይታደል፣ ወደ ወረዳው ግብርና ጽ/ቤት ሂዱ።